ምዕራፍ ስድስት፦ ፍጥነቱ የኋለኛው ነው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ባሌ የሚገባ ሞተረኛ፣ ገና ሲነሳ ከፍታ ላይ መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መንገዱ ሞጆ ላይ ዝቅ ብሎ መልሶ ይወጣል። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለችው አሰላ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች፤ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችው በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከአዳባ ወዲያ መንገዱ የስንዴውን ማሳ ትቶ ሽቅብ ያቀናል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ሮቤን አልፎ ጎባ ሲደርስ እንደገና ወደ 2,700 ሜትር ይወርዳል።

ዋናው ነገር የሚጀምረው ከጎባ በኋላ ነው። ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሰንጥቆ ያልፋል። አምባው አብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ተሽከርካሪ ከሚያስተናግዱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነም ይነገርለታል። አምባው ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን የባሌ ተራሮች ቁንጮ ነው። ከደቡቡ ጠርዝ በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ይወርድና 1,300 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሎ መና ላይ ያርፋል። በአንድ ቀን ውስጥ ከብርድ ልብስ ወደ እጅጌ ጉርድ መሸጋገር ማለት ነው።

ይህን መንገድ ብቻውን የሚሄድ አለ። ከጓደኞች ጋር ሲሄዱት ግን ደስታው እጥፍ ነው፤ ጥንቃቄውም እንደዚያው። ጓደኛሞች በሞተር ሲጓዙ ፍጥነቱን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ከፊት ያለው ነው፤ ፈጣኑና ልበ ሙሉው። ተራራ ላይ ፍጥነቱ የኋለኛው መሆን አለበት እላለሁ። ይህን የምለው ለትህትና ብዬ ብቻ አይደለም። አየሩም፣ ኩርባውም፣ ቁልቁለቱም የሚያስተምሩት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

አየሩ ሲሳሳ

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ቤንዚኑ እንዲቃጠል ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ኦክስጅኑን የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ከሚስበው አየር ነው። 125 ሲሲ የሆነ ሞተር የትም ቦታ ቢቆም የሚስበው የአየር ይዘት ያው ነው። ልዩነቱ በዚያ ይዘት ውስጥ ምን ያህል አየር ታጭቋል የሚለው ላይ ነው።

ብዙዎቻችን «ተራራ ላይ ኦክስጅን የለም» እንላለን። የኦክስጅኑ ድርሻ ግን ጅቡቲ ወደብም ላይ ሆነ ሳነቴ ላይ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለወጠው ከላያችን ያለው የአየር ክብደት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ የሚጫነን ግፊት ይቀንሳል፤ አየሩም ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 61 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቅዝቃዜ አየርን ስለሚያጠጋጋ እፍጋቱ ከዚህ ጥቂት ይሻላል፤ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሆናል።

የሞተር ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፋብሪካው 15 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 12፣ ሳነቴ ላይ ወደ 10 ይወርዳል። ሞተሩን አዲስ አበባ ገዝቶ እዚያው የሚነዳ ሰው ሙሉ ጉልበቱን አይቶት አያውቅም ማለት ነው። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ሲወጣ ሊደነግጥ አይገባም። ሞተሩ አልታመመም።

ነገር ግን ከፍታ ሁሉንም ሞተር እኩል አይነካም። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ነዳጅ የሚያወጣበት ቀዳዳ ስፋቱ የተወሰነ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ላይ ነዳጅ ይበዛል። ያኔ ሞተሩ ይታፈናል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጋዝ ሲሰጡት እሺ አይልም። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር የአየሩን ግፊት እየለካ ነዳጁን ስለሚመጥን ከዚህ ይድናል። የጎደለውን አየር መፍጠር አይችልም፤ ጉልበቱ መቀነሱም አይቀርም፤ ግን አይታፈንም። ስለዚህ ዱከም ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች ሳነቴ ላይ እኩል አይሆኑም። የአንዱ ሞተር ሲሶ ጉልበቱን ሲያጣ የሌላው ከዚያም በላይ ያጣል።

የካርቡራቶሩን ቀዳዳ በጠባብ ማስቀየር ይቻላል፤ መካኒኮች የሚያውቁት ሥራ ነው። ችግሩ ቁልቁለቱ ላይ ይመጣል። ለ4,000 ሜትር የተመጠነ ካርቡራቶር 1,300 ሜትር ላይ ሲደርስ አየሩ ይወፍርና ነዳጁ ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግለዋል፤ ሲበዛም ይጎዳዋል። አምባው ላይ የማይከርም፣ በዚያው ቀን የሚወርድ መንገደኛ ካርቡራቶሩን ባይነካው ይሻለዋል። የአየር ማጣሪያውን ያጽዳ፤ ትርፍ ካንዴላ ይያዝ፤ ጎባ ላይ ነዳጁን ይሙላ፤ አምባው ላይ ማደያ የለም። የቀረው ጉዳይ ትዕግሥት ነው።

ሳንባና ልቦና

ሞተሩ ያጣውን አየር ነጂውም ያጣዋል። የከፍታ ሕመም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሰውነቱ በከፊል ተላምዷል። ለእረፍት ከዱባይ የመጣው ወይም ከድሬዳዋ የተቀላቀለው ጓደኛ ግን ሌላ ሳንባ ይዞ ነው የሚመጣው። ለተራራ ተጓዦች የሚሰጠው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበትን ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ነው። ሳነቴ በዚህ ረገድ ቸር ነው፤ በጥቂት ሰዓታት አልፈውት ዝቅ ብለው ያድራሉ። ሰው ቆሞም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን ጊዜ አይሰጥም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ያውም ሞተሩን ትቶ፣ በተገኘው መኪና።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን» የሚል ኩራት በመካከላችን የተለመደ ነው፤ መሠረትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዲስና በቲቤት ከፍታዎች ከታየው የተለየ መላመድ ነበር። ባሌ ራሱ ደግሞ ከዚህ የቆየ ታሪክ አለው። ፊንጫ ሐበራ በሚባል፣ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ ውስጥ የተደረገ ቁፋሮ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እንደኖሩበት አሳይቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆነ። ያኔ የባሌ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር፤ ሰዎቹም ዛሬ ሳነቴ ላይ የምናየውን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ይህ ሁሉ የሰው ልጅ ለከፍታ ምን ያህል መላመድ እንደሚችል ይመሰክራል። ትናንት ከአዲስ አበባ ለተነሳ ሞተረኛ ግን ዋስትና አይሆነውም። የትውልዶች መላመድ በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ከራስ ምታቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አየር ሲያጥር አእምሮ ይዘገያል፤ የዘገየው ሰው ግን መዘግየቱን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ሞተረኛው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ያልተሸፈነ ቆዳው ብርዱን ከዜሮ በታች እንደሆነ ቆጥሮ ይቀበለዋል። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፤ ፍሪሲዮን መልቀቅም ይከብዳል።

ጓደኛ ከመሳሪያ ሁሉ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ የሚሄደው ሰው የፊተኛው ራሱ የማያየውን ያያል። ፍሬቻውን ሳያጠፋ ረጅም መንገድ ሄደ፤ መስመሩን ሳያስብ ወደ መሐል ገባ፤ ፍሬን የሚይዘው ከወትሮው ዘግይቶ ሆነ። እነዚህ ከሐኪም ምርመራ በፊት የሚታዩ የድካም ምልክቶች ናቸው። «ወንድሜ፣ እስቲ እንቁምና ሻይ እንጠጣ» የሚለው ቃል በጊዜው ከተነገረ ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ኩርባው የሚጠይቀው

ሞተር በሁለት ጎማ ስለሚቆም ኩርባ ላይ ማዘንበል ግዴታው ነው። ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስኑት የኩርባው ጥበትና ፍጥነቱ ናቸው። ፍጥነቱ ግን በራሱ ተባዝቶ ነው ወደ ስሌቱ የሚገባው። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 15 ሜትር የሆነ ጠባብ ኩርባ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲዞር ሞተሩ 25 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በ40 ሲዞር ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር ጎማው ከመንገዱ የሚፈልገው መያዣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ደረቅ አስፋልት ይህን ሊችለው ይችላል። ጠጠር ግን አይችለውም፤ ጠጠር ላይ 25 ዲግሪውም ብዙ ነው።

አሁን አምስት ጓደኛሞች ተከታትለው ወደ አንድ ኩርባ ሲገቡ እናስብ። የመጀመሪያው ኩርባውን ጨርሶ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ይወጣና ጋዝ ይሰጣል። አምስተኛው ገና ኩርባው ውስጥ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየዞረ ነው። ፊተኛው 60 ላይ ከደረሰ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 10 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ኋለኛው ኩርባውን ሲጨርስ ጓደኞቹ ርቀዋል። ከእነሱ ለመድረስ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ከመሪው በላይ መፍጠን። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ያው ይደገማል። እንዲህ እያለ መሪው ሳያውቀው፣ ማንም ሳይፈልገው፣ ከቡድኑ ሁሉ በፍጥነት የሚነዳው መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ይሆናል። በብዙ ቡድን ውስጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጀማሪው ወይም ደካማ ሞተር የያዘው ነው። አቅሙ ትንሽ የሆነው ሰው ከሁሉ የከበደውን መንዳት ይነዳል።

ይህን የሚፈታው ቀላል የአሰላለፍ ለውጥ ነው። ጀማሪው ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይሁን፤ መሪው ፍጥነቱን በመስታወቱ ውስጥ በሚያየው ሰው ይለካ። ከኩርባ ሲወጣም ሌሎቹ እስኪወጡ ጋዝ አይስጥ። መጨረሻ ላይ የሚሄደው ልምድ ያለው ሰው ይሁን፤ መፍቻውንና የጎማ መጠገኛውን የሚይዘውም እሱ ነው። መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን እስኪያይ ይቁም። በዚህ ሕግ ማንም አይጠፋም፤ ማንም ደግሞ ለመድረስ ብሎ አይሮጥም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እያፈራረቁ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰከንድ መተው፣ ኩርባ ላይ በአንድ መስመር መሄድ፣ ጠጠር ላይ ደግሞ የፊተኛው አቧራ እስኪበተን መራቅ ይገባል።

ሳነቴ ላይ ለዝግታ ሌላም ምክንያት አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ጎልማሶቹ 500 አይሞሉም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። ፍልፈል ሲያድኑ መንገድ ዳር ይመጣሉ፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መንገዱ በሌላ ፍጡር ቤት መሐል የሚያልፍ መሆኑን ግን ምዝገባ ሳይጠበቅ ልናውቀው ይገባል። ጅብራው መሐል ያለ ቀበሮ ከሩቅ አይታይም። በ30 የሚሄድ ሰው ያየዋል፤ በ70 የሚሄድ ላያየው ይችላል።

ቁልቁለቱ

ዳገት ሞተርን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ፍሬንን። ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ መንገዱ እየተጠማዘዘ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከዚያም በሪራ መንደር በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ታችኛው ደን ውስጥ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ይበቅላል፤ ዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ዓይን የሚስብ መንገድ ነው፤ ዓይን የሚስብ መንገድ ደግሞ ለሞተረኛ አደገኛ ነው። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሳባልና ዓይን የኩርባውን መውጫ ይፈልግ። ጫካውን ማየት የፈለገ ቆሞ ይየው።

ነጂው፣ ሞተሩና ሻንጣው ተደምረው 220 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ከ6 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከሳነቴ እስከ ደሎ መና ያለው ቁልቁለት ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ይህ ኃይል የትም አይጠፋም። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል፤ የቀረው ወይ ወደ ሞተሩ ወይ ወደ ፍሬኑ መግባት አለበት።

ወደ ፍሬኑ ብቻ ከገባ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራም አይዝም። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው። እያደር ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ከ155 ዲግሪ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ነጂው ፍሬኑን ሲይዝ እጀታው ባዶ ሆኖ እስከ መሪው ይሄዳል። ለዚህ ነው ከረጅም ጉዞ በፊት የፍሬን ዘይት መቀየር እንደ ቅንጦት የማይታየው።

መፍትሔው ኃይሉን ለሞተሩ መስጠት ነው። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የቆየ የሹፌሮች ምክር ነው። ጋዙን ለቀው በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ፍሬኑ የሚያስፈልገው ኩርባው በር ላይ ብቻ ይሆናል። ያኔም ያዝ አድርጎ መልቀቅ እንጂ እየጎተቱ መውረድ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ ግን የራስን ዋና ፍሬን ፈትቶ መጣል ነው። የፍሬን ሽታ የሸተተው ቡድን ወዲያው ይቁም፤ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቅ።

እዚህ ላይ አሰላለፉ ይገለበጣል። ዳገቱ ላይ ኋላ የቀረው ካርቡራቶር ያለው ትንሹ ሞተር ነበር። ቁልቁለቱ ላይ እሱ ቀላል ነው፤ የሚሸከመው ኃይልም ትንሽ ነው። አሁን የሚቸገረው ትልቁ ሞተር ላይ ሰውና ሻንጣ የጫነው፣ ጠዋት ከፊት ሲመራ የነበረው ጓደኛ ነው። አምባው ላይ ደግሞ ከሁለቱም በላይ የደከመው፣ ምርጥ ሞተር የያዘው ግን ከቆላ የመጣው ነበር። አንድ መንገድ ሦስቱን በየተራቸው ኋለኛ አደረጋቸው።

ከመነሳት በፊት

ስለዚህ ጎባ ላይ ቁርስ ሲበላ የሚደረገው ስምምነት ከማንኛውም መለዋወጫ ዕቃ ይበልጣል። ማን ይመራል? ማን ይዘጋል? የትና የት እንቆማለን? መብራት ሁለቴ ማብራት ማለት ምን ማለት ነው? አምባውን ጠዋት ለማለፍ በስንት ሰዓት እንነሳለን? ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከማቻል፤ ዝናብና በረዶ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ጉምም ይወርዳል። የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅም የስምምነቱ አካል ነው። በፈረስ አምባውን የሚያቋርጡት አባቶች የሰማዩን ጠባይ ከማንኛውም ስልክ በተሻለ ያውቁታል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ «እንቁም» ወይም «እንመለስ» ማለት ይችላል፤ ሌላውም ያለ ክርክር ይቀበለዋል። ይህ መብት በቃል ካልተነገረ ሰው ያፍራል። ያፈረ ሰው ድካሙን ይደብቃል፤ ድካሙን የደበቀ ደግሞ ኩርባው ላይ ነው የሚጋለጠው። ጓደኛሞች መካከል ቀልድ ይወደዳል፤ ዘግይቶ በመጣ ሰው ላይ የሚቀለደው ቀልድ ግን ቀጣዩን ኩርባ በፍጥነት እንዲገባ ይገፋዋል። ከፍታ ላይ ይቅርብን።

መንገዱ እንደሚያሳየን ኋለኝነት የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ዳገቱ አንዱን፣ ብርዱ ሌላውን፣ ቁልቁለቱ ሦስተኛውን ኋላ ያስቀራል፤ ማን መቼ እንደሚደርሰው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለኋለኛው ብሎ ፍጥነቱን የቀነሰ መሪ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱ የሚፈልገውን ሕግ ነው የሚያቆመው። ቡድኑ ደሎ መና ዘግይቶ ቢገባ ምሳው ይዘገያል እንጂ ሌላ የሚጎድል ነገር የለም።